ያልደረሰው ድርሻ

የታምሲን ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው ቢሞላ፣
አንዲት ግስ አለችው፣ አሥር ቦታ በቅላ፤
ሼር።
እንግሊዞች ሲሏት ለምላስም አትከብድ፤
ጥንቷ መቁረጥ ነበር፣ የመቀስ የሥጋ ዘመድ፤
ከማረሻም ስለት የአንድ እናት ልጅ ናት፣
ስለቷ ሲዶለዱም ከገበታ አስቀመጧት።

እኔ ተርጓሚው ግን እስክሪብቶዬን ይዤ
ከደጇ ቆሜያለሁ በሦስት ቃል ተይዤ፦
አካፈለ ልበል? ተካፈለ? ተጋራ?
አንዷን በር ስከፍት ሌላይቱ ስትጠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ኮርንዎል ውስጥ ነው፣ ከባሕሩ አፋፍ፣
ቤቶች ብርድ እንደያዘው በግ በሚተቃቀፉበት ጫፍ።
ቅዳሜ ረፋዱን ዓሣው ተሽጦ ሲያልቅ
የጃጎ ጠረጴዛ በሳንቲም ሲብረቀረቅ፦
አንድ ድርሻ ለጀልባው፣ አንድ ድርሻ ለመረቡ፣
(እሱም ይራባል ይላሉ፣ ቀዳዳ ነው ልቡ)
ለዴንዚል አንድ ሙሉ፣ ለጃጎ አንድ ሙሉ፣
ለልጁ ለካዶክ ግማሽ፤ “ጢም አብቅል” እያሉ።
እዚህ ላይ “አካፈለ” አልኩ።
እንደ ልክ ጫማ ገባ፤ ቀና ብዬ ቀጠልኩ።

እህቱ ታምሲን ደግሞ ከትምህርት ቤት መጥታ
ሒሳቧን ታሰላለች በደረቷ ተኝታ፦
“ሃያ አራት ዓሣ ለአምስት ሰው ሼር ቢደረግ?”
አራት አራት ደርሶ፣ አራቱ ቀረ። ምን ይደረግ?
ካዶክ “ለድመት” አላት። እሷም እንዳለ ጻፈች።
መምህርቷ በቀይ ብዕር፣ “ቀሪው ይመዝገብ” አለች።

ሁለቱ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው ከጣራው ሥር፣
በመሃል መጋረጃ፣ የአሮጌ ሸራ ትርትር፤
እሷ መስኮቱ ደረሳት፣ እሱ የጭስ ማውጫው ሙቀት፣
ሌሊት በመጋረጃው ሥር ከረሜላ ሊያቀብላት።
“ተጋሩ” ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን ብትፈቱት ጋራ አለ፤
ለብቻው የተጋራ ሰው፣ በእኛ አገር፣ የት አለ?

በጥቅምት፣ ማክሰኞ ቀን፣
ጀልባው ደረሰ። ካዶክ አልደረሰም።
ደብዳቤው ከዚህ በላይ ሐተታ አያበዛም።
ክፍሉ በሙሉ የታምሲን ሆነ፤ ማንም አይጋራትም፤
መጋረጃውን ግን እስከ ዛሬ አልገለጠችም።

ከከተማ የመጣች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት፣
“ሼር ብታደርጊን” አለቻት ለእናቱ፣ “የልብሽን ስሜት።”
ሎዌና ሻይ ቀዳችላት።
ስኳር አቀበለቻት።
ስለ አየሩ አወራቻት።
(እዚህ ላይ “አካፍዪን” ብዬ፣ መልሼ ሰረዝኩ፤
ሐዘን ዳቦ ነው እንዴ? ብዬ ብዕሬን አኖርኩ።)

ቅዳሜ መጣ። የጃጎ ጣት በለመደው መንገድ ሄደ፣
ለጀልባው፣ ለመረቡ፣ ለዴንዚል… ወደ ዳር ወረደ፣
ግማሹን ቆጠረ። የካዶክን። እጁ አየር ላይ ቆመ።
ዴንዚል ያልላላ የጫማ ማሰሪያውን ፈቶ ደገመ።
ማንም አልነካውም። ሎዌና ወሰደችው፣
ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨምራ ከደነችው።
ሰባት ቅዳሜ አለፈ፤ ጃጎ መቁጠሩን አልረሳ፤
ቆርቆሮው እየከበደ የሎዌና ክንድ ሳሳ።

ድርሻ ማለት፣ በእኛ አፍ፣ ሰው ጋ የደረሰ ነው፤
ሰውየው ካልደረሰ፣ ድርሻውን ማን እንበለው?

በስምንተኛው ሳምንት ፔራን የሚሉት ልጅ ተቀጠረ፣
እጅጌው የረዘመ፣ መንጠቆ ጣቱን የሰነጠረ።
“ግማሽ” አለ ጃጎ፣ ገፋለት።
ሎዌና ተነሳች። ቆርቆሮዋን ከፈተች፣
ከልጁ ግማሽ ጎን የልጇን ግማሽ ደረደረች።
“ገና ነው፣ ሙሉ አይገባውም” አላት ባሏ።
“ይህም አልሞላ፣ ያም አልሞላ። ልጆቹ ሼር ያድርጉ” አለች፤ ይኸው ነው ቃሏ።

ፔራን ወጣ፣ ኪሱ ከብዶት ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ።
እኔም እዚችው መስመር ላይ አለሁ፣ ብዕሬ ተንጠልጥሎ፦
አካፈለች? ከፈለች? በእኛ አንደበት ግሱ
ዕዳ መስጠትም ነውና፣ እንጀራም መቁረሱ።
ሻዩ በረደ።
“ልጆቹ ይጋሩ” ብዬ ጻፍኩ።
ቀሪው ይመዝገብ።